የጋሽ ደቂቃ የመመለሻ ሰዓት

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ መናኸሪያ ስምሪት ተቆጣጣሪ ነበር። የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የትኛው ሾፌር ከየትኛው ረዳት ጋር እንደማይስማማ፣ የትኛው ሞተር ዳገት ላይ እንደሚያስነጥሰው ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሰዓት መሸለም ለዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ይዞ እንደ መሄድ ነው፤ እሱ ግን ደስ ብሎት ተቀበለ፣ ቤቱ ወስዶ ሰቀለው፣ በማግስቱም አስር ደቂቃ ወደ ፊት ገፋው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ደቂቃ» ይለዋል። ፊት ለፊት የሚሉትም አሉ፤ አይቀየምም።

ሰዓቱን ወደ ፊት የገፋበት ምክንያት ከአሁኑ ቢነገር ይሻላል፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ዘመኑ ለአንድም ሾፌር እውነተኛውን የመነሻ ሰዓት ነግሮ አያውቅም። መኪናው የሚወጣው አንድ ሰዓት ላይ ከሆነ ሾፌሩን «አስራ ሁለት ከአርባ» ይለዋል። ሾፌሩ አርፍዶ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ እየተራገመ ይመጣል። አውቶቡሱ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። ተቆጣጣሪው ይህን ውሸት ብሎት አያውቅም፤ «መጠባበቂያ» ነበር የሚለው።

ጡረታ ወጥቶም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከተማዋ የበረሃ ዳር ከተማ ናት፤ ከጀርባዋ ግራጫ፣ ድንጋያማ ተራራ ቆሟል። በሰፈሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ የሚወጡ ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ ጉዟቸውን የሚያቅድላቸው እሱ ነው። በቀዝቃዛው ወራት ማንም ተነስቶ ቢሄድ ችግር የለም። ጉዱ ያለው ሐሩሩና ነጎድጓዱ ተያይዘው በሚመጡበት ሦስት ወር ነው። ያን ጊዜ ከታች ሜዳው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እንደ ምድጃ ይግላል። ከላይ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከጫፉ ጀርባ ጥጥ የምታህል ነጭ ደመና ብቅ ትላለች። ስድስት ሰዓት ላይ ጠቁራለች፤ ሰባትና ስምንት ሰዓት መሀል መብረቅ ነው። ከመብረቁ ሸሽተው ሲወርዱ ሙቀቱ ይቀበላቸዋል፤ ሙቀቱን ፈርተው ላይ ቢቆዩ መብረቁ ያገኛቸዋል። በዚያ ላይ ዝናቡ ሲለቀው በተራራው እግር ያለው ደረቅ ወንዝ ድንገት በጎርፍ ይሞላና መንገዱን ይዘጋል።

ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጫፉን ነክቶ፣ ደመናዋ ሳትጠቁር መውረድ ነው። ተቆጣጣሪው ለዚህ የተሰመረ ደብተር አለው። ከከተማው ዳር ካለው ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን እስከ ጫፉ ያለውን መንገድ ስድስት ቦታ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ሰጥቶታል፤ ቦታዎቹን «ፌርማታ» ነው የሚላቸው። የትናንቱ ዝናብ ስንት ሰዓት ጀመረ፣ ንፋሱ ከየት መጣ፣ ወንዙ ስንት ሰዓት ፈጅቶ ጎደለ፣ ሁሉም ተጽፏል። የመነሻ ሰዓት ላይ ያው እንደ ልማዱ ግማሽ ሰዓት ይቀንሳል። ይቺን ተንኮል ግን ሰዎቹ ገና በመጀመሪያው ዓመት ደርሰውባታል። «አስር ሰዓት» ሲላቸው አስር ተኩል ላይ እያዛጉ ይመጣሉ።

ያልደረሱበት ሌላ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ደመናው ቀደማቸው። ከዘጠኙ አንዷ የሆነችው የፋርማሲስቷ የብረት ምርኩዝ እንደ ንብ ጮኸ፤ የሁሉም ፀጉር ቆመ። ድንጋይ ሥር በደረታቸው ተኝተው ሳለ መብረቁ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ወረደ። አብሯቸው የነበረው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግራ ጆሮ ለአንድ ወር አልሰማም፤ ድሮም ሰው ስለማያዳምጥ ለውጡን ያወቀችው ሚስቱ ብቻ ናት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪው ሕግ አወጣ፦ አራት ሰዓት ሲሆን የትም ይሁኑ የት፣ ጫፉ በእጅ የሚነካ ቢሆን እንኳ፣ ይመለሳሉ። ሕጉን ሁሉም ተቀበሉ። ደብተሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ሰዓት ግን አራት ተኩል ነው። ግማሽ ሰዓቷን ለመጠባበቂያ ቆርጦ ያስቀራት እሱ ነው፤ ለማንም አልተናገረም።

በዚህ ሕግ ከሁሉ የተጎዳው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰውነቱ ከባድ ነው፤ ወሬውም እንደዚያው፤ ሁለቱን ተሸክሞ ነው የሚወጣው፤ በዚያ ላይ ሁልጊዜ ከሁሉ አርፍዶ ነው የሚነሳው። በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ጫፉ ሥር ደርሶ ተመልሷል። ባለፈው ዓመት የቀረው መቶ እርምጃ ነበር። በዚያን ቀን ደግሞ ደመና የሚባል ነገር ሳይታይ መሸ። ሳምንቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ ስለዚያች መቶ እርምጃ ሰምቷል።

የተቆጣጣሪው እህት ልብስ ሰፊ ናት። በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ሰባ ሞልቷታል። እናታቸው ስትሞት እሷ አስራ አምስት፣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሷ ትምህርቷን አቋርጣ መርፌ ያዘች፤ እሱ ተማረ። ተቆጣጣሪው ስለዚህ ነገር አያወራም፤ ሆዱ ስለሚባባ አይችልም። ግን እስከ ዛሬ ሸሚዙን ሌላ ሰው አይሰፋለትም፤ እሷንም ከ«እትዬ» በቀር ጠርቷት አያውቅም።

የምትሠራበት ክፍል ጠባብ ነው። አንድ የእግር መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የታጨቀባቸው ሦስት ጆንያዎች፤ ሰው ሲገባ አንዱ ጆንያ መውጣት አለበት። መስኮቱ ወደ ተራራው ነው። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ቀና ስትል ተራራው እዚያው አለ፤ አርባ ዓመት እንዲህ ተያይተዋል። እግሯ ረግጦት ግን አያውቅም። መጀመሪያ ልጆች ነበሩ፣ ቀጥሎ ደንበኞች፣ ቀጥሎ ወገቧ። ወንድሟ ቅዳሜ ሲመለስ እሷ ጋ ጎራ ብሎ ውሃ ይጠጣል፤ እሷም አንዲት ጥያቄ ብቻ ትጠይቀዋለች። «ከላይ የኔ ጣሪያ ይታያል?» «እንዴታ» ይላታል።

በዚያ ዓመት ሐሩሩ ገና እንደ ገባ ሱሪ ሊያሳጥር ሄደ። ቀና ሳትል አናገረችው።

«ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር።»

«መቼ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሁን እየነገርኩህ አይደል? ዓይኔ ከዳር ከዳሩ እየጠበበ ነው አለኝ። መሀሉ ደህና ነው፣ መርፌ አስገባለሁ። በጎን በኩል ግን የለም። ትናንት አንዷ ደንበኛዬ ገብታ ቆማ፣ ሳላያት ስዘፍን ሰምታኝ ሄደች።» ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«መድኃኒት የለውም?»

«ጠብታ ሰጥቶኛል። የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ያቆያል አለኝ። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቀው ቃል አልገባልሽም አለ። ዓመታት ሊሆን ይችላል፤ ብርዱ እስኪገባም ላይሆን ይችላል።» ሱሪውን ገለበጠችና ስፌቱን መፍታት ጀመረች። «እና ጣሪያዬን ከላይ ማየት እፈልጋለሁ። ለሰው ሁሉ ዕቅድ ታወጣ የለም? ለኔም አውጣልኝ።»

«ብርዱ እስኪገባ እንጠብቅ» ሊል አፉን ከፈተና፣ ሐኪሙ ያለው ትዝ ሲለው መልሶ ገጠመው። ሱሪውን ረስቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ነው፣ ሸኚኝ ብሎ ከቤቷ እስከ ውሃው ጋን ድረስ አብሯት ሄደ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ሰዓቱ አለ።

«ዳቦ ቤቱ በዚያ በኩል ነው» አለችው።

«ትንሽ እንንቀሳቀስ ብዬ ነው።»

«ፈተና ላይ መሆኔን ብትነግረኝ ጥሩ ጫማ አደርግ ነበር።»

ቤቱ ገብቶ አሰላው። ሌሎቹ ሦስት ሰዓት የሚወጡትን እሷ አምስት ሰዓት ተኩል ትወጣለች። ሌሎቹ ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚወርዱትን እሷ ሦስት ሰዓት ተኩል ትወርዳለች። ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። በሙቀቱና በመብረቁ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው፣ እሱም ሁሉ ነገር ከሰመረ። ሌሎቹ በባትሪ ብርሃን ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፤ የእሷ ዓይን በድንግዝግዝ ጭራሽ አይሆንላትም። ስለዚህ ስድስቱም ወደ አራት ተኩል ወረደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፈ፣ ፋቀ፣ ጻፈ። ባለቤቱ ራት ለማቅረብ ወረቀት መግፋት ሰለቻት። ደቂቃ ከየትም ቢቆርጥ ዘጠኝ ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ አልገባ አለ፤ እሱም ለእህቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ ማታ ማታ መገላበጥ ጀመረ።

መፍትሔው የመጣለት ተስፋ ቆርጦ መናኸሪያ ሄዶ አሮጌ ወዳጆቹን ሰላም ሲል ነው። አንድ አቧራ የለበሰ አውቶቡስ ገባ። ረዳቱ ወርዶ ፊቱን ከቧንቧ ታጠበ። ከሩቅ ከተማ አድሮ የመጣ አዳሪ መኪና ነው። ተቆጣጣሪው ቆሞ አየውና ብቻውን መሳቅ ጀመረ፤ ወዳጆቹ ጡረታ እንዲህ ታደርጋለች ብለው ተያዩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፈረቃ ደርሶ መመለስ የማይችልን መኪና እዚያው ጫፍ እያሳደረ ሲያሰማራ የኖረ ሰው፣ ተራራውን እንደ ከተማ መስመር በአንድ ጠዋት ደርሶ መልስ ካላደረግሁ ብሎ ሁለት ሳምንት ራሱን ሲያሠቃይ ነበር።

ከተራራው ወገብ ላይ የውሃ ክፍሉ የተወው የፓምፕ ቤት አለ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ለቁልፉ ሦስት ቀን ተመላለሰ፤ በሦስተኛው ቀን የክፍሉ ኃላፊ ሲያየው ሳይጠየቅ ከመሳቢያው አወጣለት። ዕቅዱ ተገለበጠ። አርብ ዝናቡ ካባራና ሙቀቱ ከበረደ በኋላ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ከከተማ ይነሳሉ፤ ወንዙ ሊሞላ ስለሚችል በዳሩ መንገድ ይዞራሉ፤ ሳይጨልም ፓምፕ ቤቱ ገብተው ያድራሉ። ቅዳሜ ልክ ሲነጋ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወደ ጫፉ። ሦስት ተኩል ላይ ጫፍ። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሰው ፓምፕ ቤቱ ውስጥ። መብረቁም ሙቀቱም እዚያው ተቀምጠው ያልፋቸዋል፤ አመሻሽ ላይ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። የመመለሻ ሰዓት ያው አራት ሰዓት።

አብረዋት የሚሄዱት እሱን ጨምሮ ሁለት ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። ፋርማሲስቷ ለእህቱ የዓይን ጠብታ ጠዋትና ማታ የምታደርግላት እሷ ስለሆነች ትመጣለች። ፀጉር አስተካካዩን ግን ማንም አልጠራውም።

«ጋሽ ደቂቃ፣ እትዬን ይዘህ ስትወጣ እኔን ልትተወኝ ነው?» አለው ሱቁ በር ላይ ጠብቆ።

«አንተ ታዘገየናለህ።»

«የሰባ ዓመት ሴት ይዘህ እኔ ነኝ የማዘገይህ?»

ተቆጣጣሪው ደብተሩን አውጥቶ አንድ ሰው ጨመረ። እንዲህ ሆነና አራት ሆኑ።

ትክክለኛዋን አርብ ሦስት ሳምንት ጠበቋት። አንዱን አርብ ዝናቡ እስከ ምሽት አላባራም፤ ሌላውን ጭራሽ ሳይዘንብ ቀርቶ ምድሩ እንደ ጋለ ብረት ዋለ። እህቱ በየሳምንቱ ሐሙስ ጫማዋን በር ላይ ታወጣለች፣ አርብ ማታ ትመልሳለች። ወንድሟን ያስጨነቁት እነዚያ ጫማዎች ናቸው። በአራተኛው አርብ ዝናቡ ገና በሰባት ሰዓት ወረደ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሰማዩ ታጥቦ ጠራ፣ ምድሩ ቀዘቀዘ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ እህቱ ቤት የሄደው እየሮጠ ነው ቢባል አይዋሽም።

አርብ ሁሉም እንደ ደብተሩ ሆነ። ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ፀጉር አስተካካዩ በአንኮራፋው ልክ ግድግዳው ቢፈርስ ኖሮ ማንም ባልገረመው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እህቱ ከፊት፣ ወንድሟ ከኋላዋ ሆነው ወጡ። እግሯ የት እንደሚያርፍ ለማየት ራሷን ግራና ቀኝ ታዞራለች። «ከፍ ያለ ድንጋይ… አሁን ጠጠር… አሁን ደህና» ይላታል። አትቸኩልም፣ አታማርርም። ስፌት እንደምትሰፋ ነው የምትሄደው፤ ሌላ ነገር የለም፣ የሚቀጥለው እርምጃ ብቻ። ችግሩ የሚቀጥለው እርምጃ ተቆጣጣሪው ካሰበው በላይ ጊዜ መውሰዱ ነው። አራተኛው ፌርማታ ላይ አስራ አምስት ደቂቃ፣ አምስተኛው ላይ አርባ ደቂቃ ዘገዩ። ደብተሩን ማውጣት ተወ።

የእጅ ሰዓቷን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ታይ የነበረችው እህቱ ናት። ድንገት ቆመች።

«አራት ሰዓት ሆነ» አለች። «ስንት ይቀረናል?»

«ሃያ ደቂቃ» አላት።

ቀና ብላ ጫፉን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን አዞረች። «በሉ እንግዲህ፣ እንመለስ።»

ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አወለቀ። «አራተኛዬ» አለ፤ ድሮ የሚቀልድ ሰው አሁን አልቀለደም። ፋርማሲስቷ የተቆጣጣሪውን እህት ክንድ ያዘች።

ተቆጣጣሪው ሰማዩን አየ። ሰማያዊ ነው። ከጫፉ ጀርባ ጥጧ ብቅ ብላለች፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ገና ራሷን ያላቆመች። ንፋሱ ከደረቁ በኩል ነው። በደብተሩ ግማሽ ሰዓት አለ። ያን ግማሽ ሰዓት ከተናገረው ግን ነገ እነዚህ ሰዎች እያንዳንዷን ቃሉን በግማሽ ሰዓት እየመነዘሩ ይሰማሉ። በመነሻው ሰዓት እንዳደረጉት በመመለሻውም ያደርጉታል፤ አንድ ቀን ሰው ጫፉ ላይ መብረቅ ይበላዋል። ካልተናገረው ደግሞ እህቱ ይኸው ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ቁልቁል አንድ እርምጃ ወርዳለች። እሱን ለማስተማር ብዙ ነገር እንዲህ ጀርባዋን ሰጥታ ትታለች።

«እትዬ፣ ቁሚ» አላት። «ሰዓቱ አራት ነው። የመመለሻው ሰዓት ግን አራት ተኩል ነው።»

«አልገባኝም።»

«ድሮም አራት ተኩል ነበር። ግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ቀንሼ ነው አራት ሰዓት ያልኳችሁ። ሁላችሁንም።»

ፋርማሲስቷ «ስምንት ዓመት ሙሉ?» አለች። ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ያቺ መቶ እርምጃ» አለ።

«አዎ።»

«አስር ደቂቃ አትፈጅም ነበር እኮ።»

«አትፈጅም።»

«ልጄን ጫፉ ላይ ሆኜ እጄን አውለበልብልሃለሁ ብዬው፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጠብቀኝ ዋለ። እና አንተ ኪስህ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘህ ቆመሃል።» አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ናት ነገሩን ያነሳችው። «ጨርቅ ስቆርጥ» አለች፣ «ልክ በሰውየው ልክ አልቆርጥም። ዳር ዳሩን ሁለት ሁለት ጣት አተርፋለሁ። ለደንበኛው አልነግረውም፤ ውስጥ ገብቶ ይሰፋል፣ አይታይም። ለምን? ሰው ይወፍራል። በዓመቱ ልብሱ ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ፣ ያን ትርፍ ፈትቼ እለቅለታለሁ። ትርፉን መተው ነውር አይደለም። ልብሱ ጠቦት ሰውየው መተንፈስ አቅቶት እያየሁ፣ ትርፍ የለኝም ብል ነው ነውሩ።» ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ዓይኗ ጠባብ ስለሆነ መላ ፊቷን ነው ያዞረችለት። «አሁን ጠቦኛል። ልቀቀው።»

ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አደረገ። «ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የቀረን» ብሎ ተነሳ። «ንግግሩን እየሄድን ጨርሱት።»

አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ጫፉን ረገጡ። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ደርሶ አስር እርምጃ ያህል ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ፣ ቦታው የሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል፤ ከዚያ የተቆጣጣሪውን እህት እጇን ይዞ ለጥ ያለው ድንጋይ ላይ አቆማት። ከሥራቸው ከተማው ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ በረሃው ገና በጠዋቱ በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ተቆጣጣሪው ከምንም በላይ የፈራው ይህችን ደቂቃ ነው። በዚያች ጠባብ ዓይን አንዲት ጣሪያ ከሺህ ጣሪያ መሀል እንዴት ትገኛለች?

«ከውሃው ጋን ጀምሪ» አላት እየተርበተበተ። «ጋኑን አየሽው? ወደ ግራ… ዋናው መንገድ… እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አይቼው አላውቅም። እንዴታ ይታያል ስልሽ የኖርኩት ዝም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ እዚህ ቆመህ የምታየው ሰዓትህን ነው። አሁን ዝም በል፣ እየፈለግሁ ነው።»

ፊቷን እንደ ባትሪ ብርሃን ቀስ አድርጋ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረች። መለሰች። ቆመች።

«ያውና» አለች። «ቢጫው።»

አየ። በግራጫው ጣሪያ ሁሉ መሀል አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች።

«ከጆንያዎቹ ቁርጥራጭ የሰፋሁት ነው» አለች። «አዳራሽ የሚያህል አደረግሁት። ሦስት ሳምንት ስታቆየኝ ሥራ አልፈታሁም። ልጄ ናት ትናንት ጣሪያው ላይ ያሰረችው። ዕቅድ የምታወጣው አንተ ብቻ መሰልኩህ?» እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አርባ ዓመት ወደ ላይ ስታይ የኖረችበትን ቦታ ወደ ታች አየችው። ተቆጣጣሪው ወደ ሌላ በኩል ዞሮ አለቀሰ፤ ፋርማሲስቷ አይታ እንዳላየች ሆነች።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማንም ሳያዘው «በሉ» ያለው ፀጉር አስተካካዩ ነው።

ፓምፕ ቤቱ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። በሩን ሳይዘጉት የመጀመሪያው ነጎድጓድ ጫፉ ላይ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መነጋገር አቃተ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የብስኩትና የእርጥብ ጫማ ሽታ አለው። ፀጉር አስተካካዩ ዝናቡን እያዳመጠ ቆየና፣ ሲቀንስ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ «አምስት ሰዓት ብትለን ኖሮ እዚያ መብረቁ ሥር ነበርን» አለ። ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ አየው። ሕጉ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ ብሎ ነበር ያን ሁሉ የፈራው፤ ሰውየው ግን መጨመር አልፈለገም።

የጠዋቱ ጠብታ በመንገዱ ጥድፊያ ዘግይቶ ነበርና ፋርማሲስቷ አሁን አደረገችላት። «አምስት ደቂቃ ጨፍነሽ ቆዪ፣ እትዬ» አለቻት። እህቱ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ጨፈነች።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?» አለች እንደ ጨፈነች።

«ከሌሊቱ አስር ሰዓት» አለ ወንድሟ፤ አፉ ለምዶበት።

«አስር ተኩል ማለቱ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

እህቱ እጇን ዘርግታ የወንድሟን ጉልበት ፈለገችና ያዘችው። «ስማ» አለችው። «አንድ ቀን እንዲህ እንደ ጨፈንኩ ነው የምኖረው። ደረጃ አለ ስትለኝ እግሬን አነሳለሁ፤ መሽቷል ስትለኝ መሽቷል እላለሁ። የማየው ባንተ አፍ ነው። ትርፉን ያዘው፣ አልከለክልህም፤ ግን ትርፍ መሆኑን ንገረኝ። ከአሁኑ ልመድ።»

ተቆጣጣሪው ደብተሩን አወጣ፣ ገለጠ፣ መልሶ ዘጋው።

«አስር ተኩል» አለ። «ሃያ ደቂቃ መጠባበቂያ አለው። ከዚያ ያረፈደ ይቀራል።»

«እንግዲህ በሰዓቱ መነሳት ሊኖርብኝ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ በሐዘን።

ፋርማሲስቷ ሳቀች። ዝናቡ እያባራ ነበር፤ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን ገባ። እህቱ አሁንም ዓይኗን አልገለጠችም።

«ስንት ቀረኝ?» አለች።

ሰዓቱን አየ። «ሁለት ደቂቃ።»

«የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው፣ እትዬ።»

እጇን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ሁለቱ ደቂቃ ሲሞላ «ግለጪ» አላት፤ ገለጠች።